ያልተመረቀው ጉባኤ

ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ከቤቴ በር ሥር ተንሸራትቶ ገብቶ፣ መጥረጊያዬ እስኪያገኘው ድረስ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ቀኑ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ እንደገና ተጽፏል። ዕድሜ ልኬን ወረቀት ሳቃና የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ እንዲህ ያለ ነገር ዓይኔን ይቆረቁረኛል። መልእክቱ አጭር ነው። ጨፌ ሜዳ ላይ ካለው ሕንፃ ጎን፣ እስካሁን ባዶ በቀረው መሬት፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሚሆን ሁለተኛ ሕንፃ ሊሠራ ታስቧል፤ ሐሙስ በሦስት ሰዓት በሚደረገው የሕዝብ ውይይት ላይ እንድገኝ ተጠይቄአለሁ።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሕንፃው ወረድሁ። ለምን እንደምሄድ ለራሴም በግልጽ አልነገርሁትም፤ ደብተር ልገዛ ነው አልሁ።

ሚያዝያ ነው፤ ከተማው አቧራ ለብሷል። ሕንፃው ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሦስት ፎቅ፣ ሰማያዊ መስታወት፣ ሰገነቱ ላይ የተሰጣ ልብስ። ከሥሩ ፀጉር ቤት አለ፤ የዘርና የማዳበሪያ መሸጫ አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ የትርንጎ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ። ትርንጎ ሳቂታ ሴት ናት። ስታየኝ በሩን ከውስጥ በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችልኝ።

«አይፍረዱብኝ እትዬ፤ በሩ እንደ ሰነፍ በቅሎ ነው፣ ካልመቱት አይንቀሳቀስም።»

«መስከረም ላይ አላስላግሽውም እንዴ?»

«በየመስከረሙ አይደል አናጢ የማመጣው! ይልገዋል፣ እስከ ገና እሺ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይነክሳል። በሩ ተልጎ ተልጎ ሳንቃነቱ ቀርቶ እንደ ካርቶን ሊሳሳ ነው» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። እንጨት በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይጨማተራል። በሚያዝያ ደረቅ የሚነክስ በር ጥፋቱ የራሱ አይደለም። ቀና ብዬ ከመቃኑ በላይ ያለውን ግድግዳ አየሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ትርንጎ መጽሐፍ ልታወርድልኝ መሰላል ላይ ስትወጣ፣ ስንጥቁ ያቆመበት ቦታ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር እንድታሰምርልኝ ለምኛት ነበር። ስንጥቁ መስመሬን አልፎ አንድ የጣት አንጓ ያህል ሄዷል።

ደብተሬን ገዝቼ ወጣሁ። መንገዴን ሁሉ የሚታየኝ ግን ሌላ ደብተር ነበር፤ ጠርዙ ቀይ የሆነ፣ የማዘጋጃ ቤት ደብተር።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው። የተወለድሁት በጉና ግርጌ ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ ነገር እሺ በማይልበት ብርዳም ደጋ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ፣ ወንዙ ክፉ፣ እኔም ሴት ነበርሁ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ የእናቴ እህት ማንጠግቦሽ ለዘመድ ተዝካር ወጥታ አገኘችኝ። የሰንበቴውን የዜማ ወረቀት አዟዙሬ ስመለከት አይታ፣ ወላጆቼን «ይችን ልጅ ስጡኝ፤ ዓይኗ ተርቧል» አለቻቸው። በማግስቱ ከኋላዋ እየተከተልሁ ደብረ ታቦር ገባሁ።

አንደኛ ክፍል ስቀመጥ ከልጆቹ ሁሉ በአንድ ክንድ እረዝም ነበር። «የማን እናት ናት?» እያሉ ይሳሳቁብኝ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ዝም ማለትን ከፊደል ቀድሜ ተማርሁ። በልጅነቱ የተማረ ሰው በቃላት እንደ ኳስ ይጫወታል። ዘግይቶ የተማረ ግን እንደ ሰው ዕቃ ይይዛቸዋል፤ እንዳይሰበሩበት። ጽሕፈቴ የጠራ፣ ቃሌ ያልተጨመረበትና ያልተቀነሰበት በመሆኑ ማዘጋጃ ቤት የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ አድርጎ ሲቀጥረኝ ከዓለም የቀረብኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

የአክስቴ ቤት ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ፣ ከጨፌ ሜዳ ታችኛው ጠርዝ ላይ ነበር። ሰፌድና ሌማት እየሰፋች ነበር የምትኖረው፤ አክርማውን ከዚያው ከጨፌው ታጭዳለች። በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት፣ ኋላም ወደ ሥራ ስወጣ ደፉ ላይ ቆማ ትመርቀኛለች፤ «ሂጂ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ ክፉ ዓይን አይይሽ፤ ቃልሽ ይሰማ።» ዝናብም ቢሆን፣ ቢያማትም፣ ተኳርፈን ብናድርም አንድ ቀን አስቀርታው አታውቅም። ያላስመረቀ እግር ከደፍ አያልፍም ትል ነበር።

ጨፌ ሜዳ ሲታይ ሜዳ ነው። ከክረምት እስከ ጥር ግን አንዱ ጫፍ ላይ ቢረግጡት ሌላው ጫፍ ይርገበገባል። ከብት ወደ መሐሉ አይገባም። ከላይ ጥጉ ላይ አንዲት ምንጭ አለች፤ የምትፈስበት ቦይ የላትም፤ መሬቱ ውስጥ ገብታ ትሰወራለች። ለፋሲካ ሴቶቹ ቄጠማ የሚያጭዱት ከዚያ ነው፤ ሥሩን ሲነቅሉት ጥቁር ጭቃ ይዞ ይወጣል፣ ሽታው እንደ ብረት። በከተማው ፕላን ላይ ጨፌው አረንጓዴ የተቀባ ነበር። አረንጓዴ ማለት ቤት አይሠራበትም ማለት ነው።

አቶ ጌትነት የሚባል የእህል ነጋዴ ከአንበሳሜ መጥቶ ያንን አረንጓዴ ማስቀየር ፈለገ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይስማል። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ በወረቀት ላይ «ቅይጥ አገልግሎት» የሚባለውን ሕንፃ እሠራለሁ አለ። ፕላን ለመቀየር ቦታው ታይቶ ሪፖርት መጻፍ ነበረበት፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ መነጋገርና ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበረበት፤ ከዚያ ውሳኔው ለአሥር ቀን ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቀርባል። ቅሬታ ከሌለ ፈቃዱ ይወጣል። ሁሉም በእኔ እጅ የሚያልፍ ወረቀት ነበር።

ቦታውን ለማየት የሄድነው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። በልጉ ከድቶ ጨፌው እንደ አሮጌ ሸክላ ተሰነጣጥቆ ነበር። መሐንዲሱ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ በቅርቡ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ቀልጣፋ ሰው ነው። መሐል ላይ ቆሞ በተረከዙ ሦስት ጊዜ ደበደበው።

«ይሄ እኮ አስፋልት ነው! ጻፊ፤ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ተገኝቷል።»

ጻፍሁ። ምንም ስሕተት አልነበረበትም፤ ደረቅና ጠንካራ ነበር። ዞረን ስንመለስ ግን እኔ ኋላ ቀርቼ ነበርና መሐንዲሱ የደበደበበትን ቦታ አየሁት። ሦስቱ የተረከዝ ጉድጓዶች ውሃ ቋጥረዋል። ብዙ አይደለም፤ ለወፍ የሚበቃ ያህል። ዙሪያው ሁሉ አቧራ ነው።

«ጌታዬ» አልሁ፣ «እዚህ ላይ ውሃ አለ።»

መሐንዲሱ መለስ ብሎ አየ። «የበሬ ሽንት ነው፤ እሱንም ልትመዘግቢው ነው?»

አቶ ጌትነት ሳቀ። እኔም እንዳይከፋቸው ፈገግ አልሁና ደብተሬን ከደንሁ። የጉብኝቱ ሰዓት አብቅቶ ነበር።

ስብሰባው ግንቦት ላይ፣ በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። ከፊት ጠረጴዛ ላይ ትኩስ ዳቦ በመሶብ ተደርድሯል፤ ለስላሳ በሳጥን ተቆልሏል። ሽታው አዳራሹን ሞልቶት ነበር። የጨፌ ሜዳ ሰዎች ገብተው በዕድሜያቸው ልክ ተቀመጡ። ከፊት መሐል ላይ አያ ዳኛው ነበሩ። አያ ዳኛው ድንበር የሚያካልሉ፣ ደም የሚያስታርቁ፣ የአካባቢው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ያኔ ሰማንያን የተሻገሩ ይመስለኛል። አክስቴ ከሴቶቹ ጋር በግራ በኩል ተቀምጣለች። ስታየኝ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ብዕር ይዤ ከባለሥልጣን ጎን መቀመጤ ደስ ይላት ነበር።

አቶ ጌትነት ተነሥቶ ተናገረ። መብራት ይገባል፤ ሱቅ በደጃችሁ ይሆናል፤ መንገዱ ይስተካከላል፤ መኪና እስከ በራችሁ ይመጣል።

«በክረምትም?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«በክረምትም እናቴ።»

«እንግዲያ በታንኳ ጫነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተንከተከተ። መሐንዲሱም ሳቀና ውሃው በቱቦ እንደሚወሰድ አስረዳ። ያኔ አያ ዳኛው በትራቸውን አንዴ መታ አደረጉ፤ ሳቁ ቆመ።

«ወዴት ነው የምትወስዱት?» አሉ።

«ወደ ታች ነዋ አባት፤ ውሃ ወደ ላይ አይሄድ።»

«ከታች ማን አለ?»

«ሁሉም በጥናት ይሠራል፤ አያስቡ።»

አያ ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም «ስለ ውሃ አወጋገድ ጥያቄ ቀርቦ መልስ ተሰጥቶበታል» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ መሐንዲሱ የሚቃወም ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። አንድም እጅ አልወጣም። የሚደግፍ ካለም ጠየቀ። አሁንም አልወጣም። ትልቁ ሰው ሳይቋጭ ማን ተነሥቶ ቃል ይሰጣል? በእኛ አገር እንዲያ ነውር ነው።

«በሉ እንግዲህ አያ ዳኛው፣ መርቁንና እንለያይ» አለ መሐንዲሱ።

እዚህ ላይ፣ የሌላ አገር ሰው ቢያነበኝ አንድ ነገር ማስረዳት ይገባኛል። በእኛ ዘንድ ሸንጎ የሚዘጋው በምርቃት ነው። ነገሩ ከተስማማ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ሰው አሜን ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማፍረስ እግዜርን ማሳዘን ነው። ካልተስማማ ሽማግሌው ሳይመርቅ ይሄዳል። ማንም ምንም አይናገርም፤ መናገር ባለጉዳዩን ማዋረድ ነው። ያልተመረቀ ነገር ግን የሞተ ነገር ነው። ከዚያ የሚከብድ እምቢታ የለንም።

አያ ዳኛው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሰው ሁሉ አብሮ ተነሣ፤ መዳፎች ለአሜን ተዘረጉ። ሽማግሌው አቶ ጌትነትን አዩት፤ በቁጣ አልነበረም፤ የታመመ ሰው እንደሚያዩ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው በመሐል አልፈው በበሩ ወጡ። መዳፎቹ አንድ በአንድ ታጠፉ። ሰዎቹ ተከትለው ወጡ። ዳቦውን የቆረሰ የለም። ጠርሙስ የከፈተ የለም። አዳራሹ ውስጥ እኔና መሐንዲሱ፣ አቶ ጌትነትና ያ ሁሉ ዳቦ ቀረን።

«ቸኩለው ነው መሰለኝ» አለ መሐንዲሱ።

አቶ ጌትነት ግን የአንበሳሜ ልጅ ነውና ያየውን አውቆታል። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እጁን ከደረቱ አወረደና ዳቦውን በጨርቅ ይሸፍን ጀመር።

ቢሮ ስንመለስ መሐንዲሱ ማስታወሻዬን ጠየቀኝ። «በቃል የቀረበ ተቃውሞ አለ?»

ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ማየት አያስፈልገኝም ነበር። «በቃል የቀረበ የለም» አልሁ።

«ጥሩ፤ እሱኑ ጻፊ።»

ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሠርቶ ነበር፤ «ሽማግሌው ምርቃት ተጠይቀው ሳይመርቁ ከአዳራሹ ወጥተዋል።» ስድስት ቃል። አንድ መስመር አይሞላም። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የተባለውን ይይዛል፤ ያልተባለውን ከያዘ ሐሜት ይሆናል ብዬ ራሴን ሞገትሁ። የተማርሁት እንዲያ ነበር። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ መሐንዲሱ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ እንዳይስቅብኝ ፈርቻለሁ፤ ረዥሟ የአንደኛ ክፍል ልጅ ገና አልሞተችም ነበር። «የተቃወመ የለም» ብዬ ጻፍሁ። ፊደሉ ያምር ነበር።

ለምሳ ቤት ስደርስ አክስቴ ድንች ቀቅላ፣ አዋዜ በጥብጣ ትጠብቀኛለች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖት ትስቃለች።

«አየሽልኝ አያ ዳኛውን! አንድ ቃል ሳያወጡ ደፈኑት! አበቃ፤ ቀረ» አለችኝ። ድንቹን እየላጠች ያሰበችውን ሁሉ ነገረችኝ። ጨፌው ከቀረልን አትሠጋም፤ ከቤቱ ጀርባ ወደ ጨፌው በኩል አንድ ክፍል ታስወጣለች፤ አክርማዋን ታደርቅበታለች፤ እኔም ለመጽሐፎቼ ጥግ አገኛለሁ። ስንት ዓመት ስታስበው ኖራለች።

አልቀረም ማለት ነበረብኝ። አሥር ቀን አለ፤ ሂዱና በጽሑፍ አመልክቱ፤ የጻፍሁት እንዲህ ነው ማለት ነበረብኝ። የቢሮ ምሥጢር ነው አልሁ በሆዴ። ድንቹ ትኩስ ስለነበር አፌን መያዙ አላስቸገረኝም።

ውሳኔው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ወረቀቱ ከሥሩ መጠቅለል ያዘ። ከጨፌ ሜዳ ለማንበብ የመጣ የለም፤ የሞተ ነገር ማን ያነባል? በዘጠነኛው ቀን ግን፣ በገበያ ቀን፣ አያ ዳኛው እግራቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። መሐንዲሱ አልነበረም። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ያንን ቀን የጻፍሽውን አስነብቢኝ፤ ገበያ ላይ አንድ ወሬ ሰማሁ።»

አነበብሁላቸው። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«እኔ ሳልመርቅ መውጣቴስ የት ላይ ነው?»

«ያልተነገረ ነገር አይጻፍም አያ ዳኛው።»

«ያልተነገረ?» ዓይናቸውን ገለጡ። «አንች አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ምን ማለት እንደሆነስ አላወቅሽም? ከጉና አይደለሽም እንዴ የመጣሽው?»

ከመሳቢያዬ የቅሬታ ቅጽ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። «ቀኑ ነገ ያበቃል። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ይፈርሙበትና እቀበልዎታለሁ።»

ወረቀቱን አልነኩትም። «ልጄ፣ እኔ እምቢ ብያለሁ፤ በሰው ፊት፣ በአደባባይ። እምቢታዬን ዛሬ በማመልከቻ ልለምነው?»

«የሚያዩት ወረቀቱን ነው አያ ዳኛው።»

«እንግዲያ ሰውን የምታይላቸው አንች ነበርሽ» አሉና ወጡ። በትራቸው ደረጃው ላይ ሲመታ ለረዥም ጊዜ ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሰዎች ነበርን። እሳቸው ክብራቸውን ከወረቀት በላይ አድርገው የሰሙትን ለማንም አልተናገሩም፤ እኔ ወረቀቱን ከሁሉ በላይ። በመሐላችን ያ ቅጽ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

በአሥረኛው ቀን ማታ ወረቀቱ ከሰሌዳው ወረደ፤ ቅሬታ አልቀረበም። የፈቃዱን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። መሐንዲሱ ረቂቁ ላይ «በኅብረተሰቡ ሙሉ ስምምነት» የሚል አስገብቶ ነበር። «የተቃወመ የለም ነው ያልነው» ስለው፣ «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ልዩነቱን አስረድቼው ይሆናል፤ የማስታውሰው ግን በጽሕፈት መኪና መምታቴን ነው። መኪናው እያንዳንዱን ፊደል ሲመታ የቢሮው ጠረጴዛ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አክስቴ በዚያው ክረምት ማብቂያ ጭቃ አስቦክታ ክፍሏን አወጣች። ግድግዳው ሳይደርቅ፣ ኅዳር ላይ፣ ቆፋሪዎቹ መጡ። ከደጇ ቆማ ስታያቸው ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ቀርቷል አላልንም?»

ዓይኔን ወደ ቆፋሪዎቹ አዞርሁ።

«አንች እዚያ አልነበርሽም? ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

በቃሌ ነገርኋት። አንዲት ቃል አልጨመርሁም፣ አላጎደልሁም። ጥቂት አሰበችና፣ «እውነት ነው፤ አልተናገርንም» አለች። ወደ ሰፌዷ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መሠረቱ ገና ወገብ ሳይደርስ ውሃ አገኙ። የውሃ መሳቢያው ሞተር በጋውን ሙሉ ሲያጓራ ከረመ፤ ወደ ፋሲካ ግድም አንድ ማለዳ ሞተሩ ሲቆም ጨፌው ጸጥ አለ። ያኔ ነው እንቁራሪቶቹ እንደጠፉ የገባን። አክስቴ ለቄጠማ ማጭዷን ይዛ ወርዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። «ውሃው ቤቱን ለቋል፤ የት እንደሄደ እንጃ» አለች።

ክረምቱ ገባ። ቱቦው የሚተፋው ከቤታችን ጀርባ ነበር። መጀመሪያ የአዲሱ ክፍል ወለል ረጠበ፤ ከዚያ የምንጭ ሽታ፣ ያ የብረት ሽታ፣ በቤት ውስጥ ይሸት ጀመር። መጽሐፎቼን ወደ ቆጡ አወጣኋቸው። ሐምሌን በስጋት አሳለፍነው። ቡሄ ሲደርስ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ ሰምተን ተንፈስ አልን፤ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል አይደል። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን አወጣሽ» አላት። ከአራት ቀን በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የጀርባው ግድግዳ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውስጥ ተኛ። ቀጥሎ ጣሪያው። አክስቴ ደጅ ሆና አክርማ ታሰጣ ነበር። እኔ ከቢሮ ስደርስ አንድ ሰፌድ ታቅፋ ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር ውሃው ቀስ ብሎ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው፣ ያልፋል።

አንበሳሜ ያለች ልጇ ልትወስዳት መጣች። መናኸሪያ ድረስ ጓዟን ተሸክሜ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሰፌዱን በመስኮት አቀበልኋትና እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ቆምሁ፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የጠበቅሁትን ጠበቅሁ። ተመለከተችኝ። በቁጣ አልነበረም። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ፊት ዞረች። አውቶቡሱ ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ረስታው ነው ይል ነበር። እኔ ከጉና ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ እንግዲህ ስብሰባው ሄድሁ። አዳራሹ ያው ነው፤ ወለሉ ሸክላ ተነጥፎበታል። የአቶ ጌትነት ልጅ እንደ አባቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተናገረ። ከጥንቶቹ የጨፌ ሜዳ ሰዎች ያየሁት የለም፤ ያልሞቱትም ተበትነዋል። የመጡት ተከራዮች ናቸው፤ ትርንጎም ነበረች። በጠረጴዛው ጫፍ አንዲት ጠይም ጸሐፊ ኮምፒውተር ከፍታ ትጽፋለች፤ ጣቷ ፈጣን፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ። ስለ ውሃ የጠየቀ ነበር፤ መልስ ተሰጥቶበታል። ከዚያ ሰብሳቢው አዳራሹን ቃኝቶ ከሁሉ የሸበተውን ራስ ፈለገ፤ እኔን አገኘ።

«እናታችን፣ ይመርቁንና እንለያይ።»

ተነሣሁ። ሰው አብሮኝ ተነሣ። መዳፎች ተዘረጉ።

«አልመርቅም» አልሁ።

አንድ ሰው ሳቀና መልሶ ዋጠው። ወደ ጸሐፊዋ ዞርሁ። «ጻፊልኝ ልጄ፤ ምርቃት ተጠይቃ እምቢ አለች በይ።»

ግራ ተጋባች። «እትዬ፣ እንደ አስተያየት ልያዘው ወይስ እንደ ተቃውሞ?»

«እንዳየሽው ያዥው።»

ጽፋ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ። እንድታነብልኝም ጠየቅኋት፤ አነበበችልኝ። ትክክል ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ጋ ሄጄ ቃለ ጉባኤውን አየሁት። ዓረፍተ ነገሬ አለ፤ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ከመጨረሻው መስመር ላይ። ከእሱ ከፍ ብሎ «የቀረበ ተቃውሞ» የሚል ሣጥን አለ። በውስጡ «የለም» ተብሏል። አጻጻፉ የጠራ ነው። በልጅቷ አልተቆጣሁም፤ ያንን ቃል ከእሷ በፊት ማን እንደጻፈው አውቃለሁና።

ከትርንጎ ሱቅ የገዛሁትን ደብተር ከፍቼ ይህን ሁሉ ስጽፍ ውዬ አሁን ከሥሩ የቅሬታው ማመልከቻ ቀርቶኛል። አያ ዳኛው ያልነኩት ዓይነት ወረቀት ነው። ነገ በጠዋት እወስደዋለሁ፤ ከአሥሩ ቀን ስድስቱ ይቀራሉ። ይቀበሉኝ እንደሆነ አላውቅም። በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። የስንጥቁን ርዝመት፣ የበሩን ነገር፣ በሚያዝያ ውሃ የቋጠሩትን ሦስት የተረከዝ ጉድጓዶች፣ ሁሉን እንዳየሁት። ከስሜ በፊት ደግሞ፣ በየትኛውም ቅጽ ቦታ ባይኖረውም፣ አንድ ተጨማሪ መስመር አስገባለሁ። ያኔ ያልጻፍሁት ስድስት ቃል ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ዘግይቷል።